እናቷ ስትቀር ደስ አለኝ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የምኖረው ለንደን ነው። እኔ 41፣ ባለቤቴ 46 ዓመታችን ነው። በትዳር 12 ዓመት ስንኖር ልጅ አላገኘንም። በሐኪም ርዳታ ሦስት ጊዜ ሞክረን ሦስቱም ከሸፈ። ጸበሉም አልቀረኝም። በመጨረሻ ጉዲፈቻ እንውሰድ ብለን ለካውንስሉ፣ ለአካባቢው አስተዳደር ማለቴ ነው፣ አመለከትን። ቤታችንን፣ ደሞዛችንን፣ ልጅነታችንን ሳይቀር ጠይቀው ሲጨርሱ፣ «መጀመሪያ በፎስተር፣ ማለትም በጊዜያዊ አሳዳጊነት ትይዛላችሁ፤ ፍርድ ቤቱ ልጁ ወደ ቤተሰቡ አይመለስም ካለ በጉዲፈቻ የእናንተ ይሆናል» አሉን። ፈረምን።

ልጅቷን በተወለደች በ4ኛ ቀኗ ከሆስፒታል ይዘናት መጣን። እናቷ ያገራችን ልጅ ናት፤ ገና ለጋ ናት። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ዛሬ ልጅቷ 66 ቀኗ ነው። መሳቅ ጀምራለች። ጡጦ ስትጠባ ጣቴን ጨብጣ አትለቅም። እናቷ ያወጣችላት ስም አላት፤ ቤት ውስጥ ግን እኔና ባለቤቴ ድሮ ለልጃችን ባሰብነው ስም ነው የምንጠራት።

በሳምንት ሦስት ቀን መገናኛ ማዕከል እንወስዳታለን፤ እናቷ እዚያ ታቅፋታለች። ባለፈው ረቡዕ እናቷ አልመጣችም። 20 ደቂቃ ጠብቀው «የዛሬው ተሰርዟል፣ ውሰዷት» አሉን። አልዋሽዎትም እትዬ፣ ደስ አለኝ። ከግቢው ስንወጣ ግን ከአውቶቡስ ፌርማታው በኩል ስትሮጥ አየኋት። በእጇ ፌስታል ይዛለች። ባለቤቴ እየነዳ ስለነበር አላያትም። እኔ ዝም አልኩ። ቤት ገብቼም ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያ ላይ «እኔ አሳድጋታለሁ» ያለች አክስት ተገኝታ እየተጠናች ነው ተባልን። ባለቤቴ ይህን ከሰማ ወዲህ «አትልመጂያት፣ የሰው ልጅ ናት» ይለኛል። ቀን አያቅፋትም። አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ግን ኩሽና ውስጥ በጨለማ እሹሩሩ ሲላት አገኘሁት። አማቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን ናቸው። «ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ክርስትና ትነሣለች፤ ቄሱን እኔ አናግራለሁ፣ ማንም አያውቅም» ይላሉ። የገንፎ ዱቄቱን ይዘው ነው የመጡት።

ምን ይሻለኛል? ልቤን ከአሁኑ ልሰብስብ? ክርስትናውንስ እሺ ልበል?

የ66 ቀን እናት

*

እህቴ፣ ከፌስታሏ ልጀምር።

ምን ይዛ ይሆን? እኔ ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ይህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ካልሲ ይሆናል፣ ቢብ ይሆናል፣ ከገበያ ርካሽ ያገኘችው ቀሚስ ይሆናል። አንቺም ሳታስቢው አልቀረሽም፤ ባታስቢው ኖሮ ፌስታሉን አትጽፊልኝም ነበር።

ደስ ማለትሽን ለእኔም ለማንም ይቅርታ አትጠይቂበት። 12 ዓመት የጠበቀች ሴት ልጅ አቅፋ «ዛሬ ወደ ቤት ውሰጃት» ስትባል ልቧ ካልዘለለ ምኗ ሰው ነው? ደስታው ሳትጠሪው መጥቷል፣ ስትሮጥ ባየሻት ጊዜ ደግሞ እንደ አመጣጡ ሄዷል። የደበቅሽኝ ነገር የለም፤ ይህን ጽፎ ለሰው መላክ ራሱ ወኔ ይፈልጋል። እኔን ያሳሰበኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ዝምታ ነው።

ለምን መሰለሽ? በዚያ ማዕከል የምትቀመጠው ሠራተኛ እያንዳንዱን ቀን ትጽፋለች። እናትየዋ ስንት ሰዓት ደረሰች፣ ልጅቷን እንዴት አቀፈቻት፣ ስታለቅስ ምን አደረገች። የረቡዕ ገጽ ላይ «እናት አልመጣችም» ተብሎ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ያ ወረቀት ከሌሎቹ ጋር ተጠርዞ ዳኛ ፊት ይቀርባል። «አልመጣችም» እና «አርፍዳ እየሮጠች ደረሰች» በዳኛ ዓይን አንድ አይደሉም። ልዩነቱን የምታውቂው ምናልባት አንቺ ብቻ ነሽ። ልጅቷ ራሷ አዋቂ ስትሆን ፋይሏን መጠየቅ ትችላለች፤ እንግሊዝ አገር በጉዲፈቻ ያደገ ሰው 18 ዓመት ሲሞላው ስለ አመጣጡ የተመዘገበውን የመጠየቅ መብት አለው። ያን ገጽ ስታነበው አጠገቧ ብትቀመጪ ምን ትያታለሽ?

መኪናውን አስቁመሽ ብትወርጂ ኖሮ ጥሩ ይሆን ነበር አልልሽም። ደንቡ ልጅቷን መንገድ ላይ እንድታሳዪያት ላይፈቅድልሽ ይችላል፤ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ያለች እናት ምን እንደምትሆንም አይታወቅም። ስለዚህ ያልወረድሽበትን ተይው። የቀረሽ የስልክ ጥሪ ነው። ይህን ባነበብሽ በማግስቱ ጠዋት ለልጅቷ ሶሻል ወርከር ደውዪና እንዲህ በያት፦ «ረቡዕ ስንወጣ እናቷን ወደ ማዕከሉ ስትሮጥ አይቻታለሁ። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም። የተሰረዘው ሰዓት ይካካስላት።» አታስረዝሚው፣ ለምን ዝም እንዳልሽም አትተንትኚ። ከዚያ ያንኑ በኢሜይል ላኪው፤ የቃል ነገር ይጠፋል። ፎስተር ስለሆንሽ የቀን ማስታወሻ ትጽፊ የለ? እዚያም ላይ የዛሬውን ቀን አድርገሽ አስፍሪው። የረቡዕን ገጽ ግን እንዳትነኪው።

ከመደወልሽ በፊት ለባለቤትሽ ንገሪው። እሱ አላያትም፤ አንቺ ያየሽውን ከሶሻል ወርከር አፍ መስማት የለበትም።

አሁን «ይህን ብናገር ልጄን በገዛ እጄ አሳልፌ መስጠቴ አይደለም ወይ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አንድ ማርፈድ የሰውን ልጅ ዕድል አይወስንም፤ ዳኛው የሚያየው ብዙ ነው። ቢሆንም ላታልልሽ አልፈልግም፣ ሚዛኑ ላይ አንዲት ጠጠር ትጨምሪላታለሽ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል ሰምተሽ ታድጊያለሽ። ካውንስሉ በእንግሊዝኛ ያስፈረመሽ ውል እኛ አደራ የምንለው ነገር ነው፤ አደራውን የሰጠችሽ ደግሞ ያቺ ሯጯ ልጅ ናት፣ ባትመርጥሽም።

እስቲ መንገዱን አብረን እንየው፤ የማያውቁት ነገር ሌሊት ላይ ይገዝፋልና። የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ እንዲህ ያለው ጉዳይ በ26 ሳምንት ውስጥ እልባት እንዲያገኝ ይጠይቃል። አንዳንዴ ይራዘማል፤ ነገር ግን ልኩ ያ ነው። ልጅቷ ዘጠኝ ሳምንት ካለፋት፣ ጉዳዩ በተወለደች ሰሞን ከተከፈተ ከግማሽ በላይ ገና ይቀራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ እናትየዋ ትጠናለች፣ አክስትየዋ ትጠናለች። ፍጻሜው ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ወደ እናቷ መመለስ አንዱ ነው። ሁለተኛው አክስቷ በልዩ ሞግዚትነት ትእዛዝ ትወስዳታለች፤ ያኔ እናቷ እናትነቷ ሳይፋቅ አክስትየዋ ታሳድጋታለች። ሦስተኛው ዳኛው ለጉዲፈቻ እንድትሰጥ ይፈቅዳል፤ ያኔ እናንተ የጉዲፈቻ ወላጆቿ ሆናችሁ ትመደቡና፣ ልጅቷ ቢያንስ 10 ሳምንት አብራችሁ ኖራ ከሆነ ለመጨረሻው ትእዛዝ ታመለክታላችሁ። ዘመድ ካለና ብቁ ከሆነ ዘመድ ይቀድማል። አክስቲቱ ጠላት ሆና አልመጣችም፤ የሥርዓቱ ደንብ ነው ያመጣት።

እናንተ በዚህ ክርክር ውስጥ ተከራካሪ አይደላችሁም፤ ይህ እንደሚያንገበግብ ይገባኛል። ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነስታ ወተት የምትበጠብጠው ሴት ችሎት አትገባም። ለልጅቷ ብቻ የሚቆም ፍርድ ቤት የሚመድበው ጋርዲያን የሚባል ሰው አለ፤ እሱ ወይ እሷ ቤታችሁ መጥተው ማየታቸው አይቀርም። ያን ቀን ቤቱን ከማሳመር ይልቅ ልጅቷ ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደሚያስደነግጣት ንገሪ። ሶሻል ወርከሯንም ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የአክስትየዋ ጥናት መቼ ያልቃል? የመጨረሻው ችሎት ለመቼ ተቀጠረ? ሁለቱን ቀን ካላንደርሽ ላይ አስፍሪ። ቀን ያለው ፍርሃት ቀን ከሌለው ይሻላል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አገር ቤት ያለነው ጉዲፈቻን የምናውቀው በሌላ መልኩ ነው። በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ የሆነ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይናገራል። እንግሊዝ አገር ትእዛዙ ሲወጣ ሕጋዊው ገመድ ይበጠሳል፤ ልጁ በሕግ ፊት የአሳዳጊዎቹ ብቻ ይሆናል። ለእናቷ የሚቀርላት ብዙ ጊዜ በዓመት አንዴ የሚላክ ደብዳቤ ነው። ይህን ያነሳሁት እናትየዋ በዚያ ማዕከል ስትቀመጥ ምን ይዛ እንደምትቀመጥ እንድታዪው ነው። አማትሽም «የሰው ልጅ ማሳደግ አዲስ ነገር ነው ወይ?» ቢሉ የሚያስቡት ያገራችንን ነው።

ልቤን ልሰብስብ ወይ ላልሽው፦ አትሰብስቢ። ብትፈልጊም አትችዪም፤ ጣትሽን ጨብጣ የምትጠባ ልጅ ላይ ልቡን የሰበሰበ ሰው አላየሁም። ይህ አሠራር ራሱ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ድሮ ሕፃን መጀመሪያ ለፎስተር ይሰጥና፣ እነሱን ሲለምድ ይነሣና፣ ለጉዲፈቻ ወላጅ ይሰጣል። ሁለት ጊዜ ይነቀላል። አሁን ስጋቱን ትልልቆቹ ይሸከሙት፣ ሕፃኑ ከመጀመሪያው አንድ እቅፍ ይልመድ ተባለ። ማን ሊጎዳ እንደሚችል ስትፈርሚ ነግረውሻል፤ ያኔ ግን ልጅቷ ገና ፊት አልነበራትም። አንድ እቅፍ የለመደ ሕፃን፣ ቢሄድ እንኳ ሌላ እቅፍ ማመን ይቀለዋል። ያልለመደው ነው የሚቸገረው።

እኔ እስከ ስድስት ዓመቴ ያደግሁት የእናቴ እህት ጋ ነው። እናቴ ልትወስደኝ የመጣች ቀን አክስቴ ጸጉሬን አበጥራ፣ ዳቦ ጠቅልላ፣ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ፤ አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ተመልሳ አልጋዬን ስታነሳ እንደነበር ከብዙ ዓመት በኋላ ጎረቤት ነገረኝ። የነጠላዋ የአደስ ሽታ ዛሬም ገበያ መሐል ያስቆመኛል። ቸገረኝ ብላ ሳታቅፈኝ ብታሳድገኝ ኖሮ ምን ዓይነት ሰው እሆን እንደነበር አላውቅም።

ስለ ስሟ። የእናንተን የድሮ ስም እባካችሁ አንሱላት። ይህን ስጽፍ ከበደኝ፤ ያን ስም ስንት ዓመት በሆዳችሁ እንደያዛችሁት እገምታለሁ። ነገር ግን ያቺ ልጅ እስከ አሁን ለልጇ መስጠት የቻለችው አንድ ነገር ቢኖር ስሟን ነው። ልጅቷ ደግሞ በማዕከሉ በአንድ ስም፣ በቤት በሌላ ስም መጠራት የለባትም፤ በቅርቡ ስሟን ሰምታ ዞር ማለት ትጀምራለች። የቤት ስም ካማራችሁ እንደ አገሩ ሁሉ ሚሚ በሏት። ሚሚ ማንንም አይተካም።

ባለቤትሽን በክርክር አትርቺውም፤ አትሞክሪ። ሌሊት ኩሽና ውስጥ በጨለማ እሹሩሩ የሚል ሰው ቀን «አትልመጂያት» ሲል ለማን እየተናገረ ይመስልሻል? በሚቀጥለው ስታገኚው መብራቱን አታብሪ፣ «ያዝኩህ» አትበይው። ወንበር ስበሽ ተቀመጪ። ቢናገር ስሚው፣ ባይናገርም አብረሽው ቆዪ። ከመደወልሽ በፊት እንዲህ ካገኘሽው የረቡዕን ነገር የምትነግሪው ምናልባት ያኔ ነው። ከፎስተር በኩል ለእናንተ የተመደበችው ሶሻል ወርከር የልጅቷ ሶሻል ወርከር አይደለችም፤ የእሷ ሥራ እናንተን መደገፍ ነው። ሁለታችሁንም አስቀምጣ እንድታነጋግር ጠይቋት። እሱ እንቢ ካለ አንቺ ሂጂ።

ያልሰማሽው ከሆነ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከሥራ የጉዲፈቻ ፈቃድ ወስደሽ ከሆነ፣ ልጅቷ ብትሄድ ፈቃድሽ በዚያው ቀን አይቆረጥም፤ እስከ 8 ሳምንት መቆየት ትችያለሽ። በማግስቱ ቢሮ ገብተሽ «ልጅቷስ?» ለሚሉሽ ሁሉ መልስ መስጠት የለብሽም። ካሁኑ ከአሠሪሽ ጋር በጽሑፍ አረጋግጪው፤ ሐዘን ላይ ሆነሽ ቅጽ አትፈልጊም።

እናትየዋ ጋ ልመለስ፤ ብዙ ነገር ማድረግ ሳትችዪ ትንሽ ነገር ማድረግ ትችያለሽ። ልጅቷ በሆድ ሳለች የሰማችው ድምፅ የእሷ ነው፤ አራስ ሕፃን የእናቱን ድምፅና ጠረን እንደሚለይ የታወቀ ነው። ከዳይፐሩ ቦርሳ ውስጥ ትንሽ ደብተር ክተቺ። «ትናንት አስነጠሳት፣ ዛሬ ደህና ናት። ጠዋት ሞልታ ጠጥታለች። ጆሮዋን ሲነኳት ትስቃለች።» ይህን ያህል ብቻ። እሷም ብትፈልግ ትጽፍልሽ። በአማርኛ ብትጽፉት ማዕከሉ ምን ተባባሉ ብሎ ይጠይቃልና አስቀድመሽ ለሶሻል ወርከሯ ንገሪ፤ ምናልባት በሁለት ቋንቋ ጻፉ ትልሽ ይሆናል። አንድ የለበሰችውን ሻርፕ ከሰጠችሽም ሳታጥቢው አልጋው አጠገብ አኑሪው። ፌስታሉንም ጠይቂያት። «ባለፈው ረቡዕ የያዝሽው ነገር ካለ ላድርስላት» በያት፣ ወይም በሶሻል ወርከሯ በኩል አስጠይቂያት። ይህ አይከብድሽም ብዬ አይደለም።

ወደ አማትሽ ልምጣ። እሳቸውን አትቆጪያቸው፤ ዱቄት ተሸክመው የመጡት አያት መሆን አምሯቸው ነው። ክርስትናውን ግን በድብቅ አይሆንም። ፎስተር እስከሆናችሁ ድረስ የወላጅነት ኃላፊነት የላችሁም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስካለ ድረስ እናቷ ኃላፊነቷን አላጣችም። ልጁን በካውንስሉ እጅ ያደረገው ያው ፍርድ ቤት ቢሆንም፣ ካውንስሉ እንኳ የሕፃኑን ሃይማኖት በራሱ ፈቃድ መቀየር፣ ስሙን መለወጥ አይችልም። «ማንም አያውቅም» ያሉት ደግሞ የእኛን ሕዝብ ረስተውት ነው። ሰማንያ ቀን ክርስትና ላይ ፎቶ የማያነሳ ማን አለ? ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ናት። ያቺን ልጅ የማይመለከታት ሰው ሁሉ ያያታል፤ የእናንተ ብቁነትም ዳኛ ፊት ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ይልቅስ ማንም ያላሰበው አንድ ነገር አለ፤ እናቷን ጠይቋት። ያገራችን ልጅ ናት ብለሻል። ሰማንያ ቀኑን እሷም እየቆጠረች ይሆናል። ሶሻል ወርከሯ «ልጅሽ ክርስትና እንድትነሣ ትፈልጊያለሽ? ማን ክርስትና እናት ትሁናት?» ብላ ትጠይቅልሽ። እሺ ካለች በጽሑፍ ይሁን፣ ካውንስሉም ይወቀው፣ እሷም ትገኝ ዘንድ ቢፈቀድ እንዴት ያለ ቀን ነበር! እምነቷ ሌላ ከሆነ ወይ እንቢ ካለች ያበቃል፤ ጥምቀት በኋላም ይደርሳል፣ ቤተ ክርስቲያን በ30 ዓመቱም የመጣውን ታጠምቃለች። ለአማትሽ ይህን የሚያስረዳቸው አንቺ ሳትሆኚ የንስሐ አባታችሁ ቢሆኑ ይቀላል። የልጅቷን ታሪክ ዘርዝረሽ ሳትነግሪ «ወላጅ ሳይፈቅድ ይሆናል ወይ?» ብቻ ብለሽ ጠይቂያቸው።

ገንፎው ግን ይገነፋ። እንግዳ አትጥሩ፣ የልጅቷን ጉዳይ ለማንም አትዘርዝሩ፤ እናንተ ሦስታችሁ ብቻ። ገንፎ እንዳይበላ የሚከለክል የእንግሊዝ ሕግ እኔ አላውቅም። አማትሽ ያገንፉት፣ ባለቤትሽ ልጅቷን ይያዝ፤ አንቺ በሁለት እጅሽ ብዪ። ቅቤው በዛ ይበልልሽ።